የበርበሬው ቅጠል ሲጠማዘዝ ጥፋቱ የማን ነው?

በቡታጅራና በማረቆ አገር በርበሬ የገበሬው ገንዘብ ነው፤ ግብሩም፣ የልጁ ደብተርም የሚገኘው ከእርሱ ነው። ታዲያ አንድ ማለዳ ቅጠሉ ጠቦና ተጠማዝዞ የተገኘ እንደ ሆነ ገበሬው «በሽታ ገባብኝ» ብሎ መድኃኒት ሊገዛ ይሮጣል። የእርሻ ባለሙያውም ማሳውን ሳይረግጥ ይህንኑ ቃል ካጸናለት ገንዘቡ በከንቱ ይጠፋል።

በእኛ አስተያየት ግን አንድ ጥያቄ ሊቀድም ይገባል፤ ይኸውም «በዚህ ሰሞን በአካባቢው ምን ተረጭቷል?» የሚለው ነው። በጤፍና በስንዴ ማሳ ላይ የሚረጨው ቱ ፎር ዲ የተባለው አረም ማጥፊያ በመጠኑ ሲረጭ የሣሩን ወገን ትቶ ሰፊ ቅጠል ያለውን አረም ይገድላል። የተክልን የእድገት ሆርሞን መስሎ ስለሚሠራ ግንዱን ያጣምማል፤ ቅጠሉንም ያጠማዝዛል። በርበሬም ቅጠለ ሰፊ ነውና ነፋስ ያመጣው ጥቂት ጠብታ ወይም በደንብ ባልታጠበ መርጫ ውስጥ የቀረ ትራፊ ይጎዳዋል።

አስቸጋሪው ነገር በክሽክሽ የሚተላለፈው የቫይረስ በሽታም የበርበሬን ቅጠል ማጨማደዱ ነው። እንግዲህ በምን ይለያል ቢሉ፣ ምስክሩ አረሙ ነው። በማሳው ውስጥ ያለው ሰፊ ቅጠል አረም ከበርበሬው ጋር አብሮ ከተጠማዘዘ፣ ጉዳቱም በተረጨው ማሳ ድንበር በኩል በርትቶ ወደ ውስጥ እየቀለለ ከሄደ፣ ያደረሰው አረም ማጥፊያ ለመሆኑ ብርቱ ምልክት ነው። ቫይረሱ ግን እዚህ አንድ፣ እዚያ አንድ ተክል ይዞ ከሳምንት ሳምንት ይስፋፋል። ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለገበያ የቀረበው ግላይፎሴት ደግሞ ሣሩንም ሰፊ ቅጠሉንም አይለይም፤ በተለይም አዲስ የሚወጣውን ቅጠል ያገረጣል።

ይህን መለየት ለገበሬው ቀላል ነገር አይደለም። ጉዳቱ የአረም ማጥፊያ ሲሆን የተባይ መድኃኒት መርጨት አይፈውሰውም፤ አዲሱ ቅጠል ጤናማ ሆኖ ከወጣ ግን ተክሉ ሊያገግም ይችላልና ለመንቀል አያስቸኩልም። በሽታ ሆኖ ሳለ ጎረቤትን መክሰስም ሁለት ቤተ ሰብ ያጣላል።

ስለዚህ ወጣቱ ባለሙያ ፍርድ ከመስጠቱ በፊት ማሳውን ከዳር እስከ ዳር ይዙር፤ የተረጨበትን ቀንና የነፋሱን አቅጣጫ ይጠይቅ፤ የመርጫውን ዕቃ ይመርምር፤ ያየውንም ይመዝግብ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ የተባለው ለዚህም ነው።