ስለ እሬት ጥበቃና ልማት

በየወረዳው ለምትገኙ ሹማምንትና ባለ መሬቶች፤

እሬት በሕዝባችን አፍ የመራራነት ምሳሌ ነው። እናት ሕፃኗን ጡት ለማስጣል ትቀባዋለች፤ ከዚህ አልፎ እንደ ሀብት የሚቈጥረው ግን ጥቂት ነው። ገበሬው አዲስ መሬት ሲያቀና ከነሥሩ ነቅሎ ይጥለዋል። ይህ ልማድ እንዲቀር ማሳሰብ ይገባል።

እሬት የአንድ ተክል ስም ብቻ አይደለም። የዕፀዋት ሊቃውንት ቀድሞ ከሊሊ አበባ ቤተ ሰብ ጋራ ይቈጥሩት የነበረ ሰፊ ወገን ነው። በኢትዮጵያና በኤርትራ ከ40 የሚበልጡ ዓይነቶች ይገኛሉ፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ በሌላ አገር አይበቅሉም። አንዱ ዓይነት የሳይንስ ስሙን ከደብረ ብርሃን፣ ሌላውም ከያቤሎ አግኝቷል። እንግዲህ በእኛ ምድር የጠፋው ከዓለም ጠፋ ማለት ነው።

«መሬቱ ለእህል ይሻላል» የሚል ቢኖር፣ እሬት የእህል መሬት አይሻም። የቅጠሉን ቀዳዳዎች ቀን ዘግቶ ሌሊት ስለሚከፍት ውሃውን ይቈጥባል፤ ስለዚህ በድንጋያማ ተዳፋትና በቦረቦር አፋፍ ጸንቶ ይኖራል፤ አፈርም ይይዛል። ቅጠሉ መራራ በመሆኑም ከብት ብዙውን ጊዜ አይደፍረውም።

ስለ ንግዱም አሳባችን ይህ ነው፤ መትከል ይቅደም፣ መሸጥ ይከተል። በኬንያ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1986 ዓ.ም. የዱር እሬት እንዳይቈረጥ በትእዛዝ ተከለከለ፤ ነገር ግን ንግዱ በስውር ቀጠለ። በ2007 ዓ.ም. ደንብ ወጥቶ ንግዱ በሕግ እንዲመራ ሆነ። ክልከላ ብቻውን እንደማይበቃ ከዚህ እንማራለን። ሳይቲስ በተባለው የመንግሥታት ውል መሠረትም፣ ከአሎ ቬራ በቀር የእሬት ወገን ሁሉ የውጭ ንግዱ በቍጥጥር ውስጥ ነው።

አቈራረጡም ሥርዓት አለው። በደቡብ አፍሪካ የኬፕ ምድር ሰዎች የታችኛውን ቅጠል ብቻ ቈርጠው፣ በትንሽ ጕድጓድ ዙሪያ ደርድረው መራራውን ወዝ ያንጠፈጥፋሉ፤ የላይኛውን ቅጠልና ልቡን ስለማይነኩ ተክሉ ይተርፋል።

ስለዚህ እያንዳንዱ ወረዳ በአካባቢው ካለው ዓይነት ቡቃያ ወስዶ አንድ የችግኝ ቦታ ቢያቋቁም፣ ባለ መሬቶችም ቦረቦራቸውን በእሬት ቢያጥሩ መልካም ነው። ነቅሎ የሸጠ አንድ ጊዜ ያተርፋል፤ ተክሎ የቈረጠ ግን ለልጁም ያወርሳል።