ትንፋሽ ለሚያጥረው ሰው የሚገባ ትምህርት

በቤት ውስጥ ትንፋሽ የሚያጥራቸው አባት ወይም እናት ሲኖሩ፥ ቤተ ሰቡ «ይረፉ፤ አይነሡ» ይላቸዋል፤ ብርድ እንዳይነካቸውም ብሎ መስኮቱን ይዘጋል። ፍቅሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን ዕውቀት ካልታከለበት የሚጎዳ ይሆናል።

ኤምፊዚማ የሚባለውን የሳምባ ደዌ ፈረንሳዊው ሐኪም ላኤኔክ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1819 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ገልጦታል። በሳምባ ውስጥ ያሉት እጅግ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች ግድግዳቸው ይፈርሳል፤ የተሳበውም አየር በደኅና መውጣት ተስኖት ስለሚታሰር ለአዲሱ አየር ስፍራ ይጠባል። ዋናው ምክንያት የትምባሆ ጢስ ነው፤ በተዘጋ ማድ ቤት የሚነድ የእንጨት ጢስም ለብዙ ዓመት ሲተነፍሱት ሳምባን ይጎዳል። ደዌው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። የፈረሰው አይመለስም፤ የቀረውን መጠበቅ ግን ይቻላል።

ስለዚህ ሕመምተኛው እነዚህን ነገሮች ይማር።

መጀመሪያ፤ ትምባሆን ፈጽሞ ይተው። ቤተ ሰቡም በአጠገቡ አያጭስ፤ ከሰልና ዕጣንም ከመኝታው ይራቁ።

ሁለተኛ፤ አፉን ዘግቶ ሁለት እስኪቈጠር በአፍንጫው ይሳብ፤ ከዚያም እንደሚያፏጭ ሰው ከንፈሩን አሹሎ አራት እስኪቈጠር ቀስ አድርጎ ያስወጣ። ይህ የታሰረው አየር እንዲወጣ ይረዳል።

ሦስተኛ፤ ሐኪሙ በፈቀደለት መጠን በየቀኑ በእግሩ ይሂድ። ሥራ የፈታ ጡንቻ ይደክማል፤ የደከመም ጡንቻ ለጥቂት ሥራ ብዙ ትንፋሽ ይጠይቃል።

አራተኛ፤ ጥቂት ጥቂት እያለ ደጋግሞ ይብላ፤ የጠገበ ሆድ ትንፋሽን ይጫናልና።

አምስተኛ፤ በአፍ የሚሳብ መድኃኒት የታዘዘለት እንደ ሆነ፥ አሳሳቡን በሐኪሙ ፊት ሠርቶ ያሳይ። ምክር ሰምቶ ራስን መነቅነቅ ብቻ ማወቅ አይደለም፤ ሐኪሙ ስሕተቱን የሚያርመው ሲሠራ ካየው ነው።

አክታው የበዛ ወይም መልኩ የተለወጠ፥ ትንፋሹም ከወትሮው ይልቅ ያጠረ እንደ ሆነ ሐኪም ይየው። ከንፈሩ ከጠቈረ ወይም አእምሮው ከደነገዘ ግን አንዲት ሰዓት እንኳ ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ።

እናንተም የቤት ጌቶችና እመቤቶች፥ ታላላቆቻችሁን እንደ ሕፃን በትእዛዝ አታስጨንቁ። ዛሬ ማታ አብራችኋቸው ተቀምጣችሁ አተነፋፈሱን ተለማመዱ፤ ነገም ክንዳቸውን ይዛችሁ እስከ ደጅ ድረስ አብራችሁ ሂዱ።