አፉን ያልፈታ አንባቢ

ማንኛውም ሥራ ጊዜና ሥርዐት አለው። ገበሬ ዝናም ሳይጥል አይዘራም፤ ግንበኛም መሠረቱ ሳይጸና ግድግዳ አያቆምም። ልጅም ከመሮጡ በፊት ይቆማል፤ ከመቆሙም በፊት ይድኻል። ይህ ከአያት ከቅድመ አያት ስንሰማው የኖርነው ነገር ስለ ሆነ ዛሬ ማስታወስ የሚያሻው ባልመሰለ ነበር። ነገር ግን አፉን ገና ያልፈታውን ሕፃን በቴሌቪዥንና በእጅ ስልክ መስኮት ፊት እያስቀመጥን ንባብ እናስተምረዋለን የሚሉ ነጋዴዎች በዓለም ላይ ስለ ተነሡ፥ የተማሩ ወላጆችም ይህን አምነው ገንዘባቸውን ስለሚከፍሉ፥ ነገሩን በዝምታ ማለፍ የማይገባ ሆኖ አግኝተነዋል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውልልን።

ሐሳቡ ራሱ የትናንት ልደት አይደለም። ግሌን ዶማን የተባሉ አሜሪካዊ ለሕፃናት ንባብ ስለ ማስተማር የጻፉት መጽሐፍ በ1964 ታትሞ ነበር፤ ዘዴውም ቃላትን በትልልቅ ፊደል በወፍራም ወረቀት ላይ ጽፎ ለሕፃኑ በፍጥነት እያፈራረቁ ማሳየት ነው። ያ ዘዴ ሌላው ቢቀር እናት ከልጇ ፊት እንድትቀመጥ ያስገድዳት ነበር። ቪዲዮ ሲመጣ ግን የእናቲቱም መቀመጥ አላስፈላጊ ሆነ፤ ወረቀቱን ትገልጥ የነበረችው እጅ በመሣሪያ ተተካች።

በዚህ ንግድ ስሙ እጅግ የገነነው ሮበርት ቲትዘር ያዘጋጁት፥ ትርጕሙ «ልጅዎ ማንበብ ይችላል» የሚል ስም የተሰጠው የአሜሪካ ሥራ ነበር። ቪዲዮዎችን፥ የቃላት ካርዶችንና መጻሕፍትን በአንድነት አሰናድቶ በ200 ዶላር ገደማ ይሸጥ ነበር። ማስታወቂያውም ገና የ9 ወር ሕፃን ማንበብ ሊጀምር እንደሚችል፥ 3 ወይም 4 ዓመት የሞላው ልጅ ደግሞ ለትልልቅ ልጆች የተደረሱ መጻሕፍትን እንደሚያነብ ይናገር ነበር። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ነገሩን መርምሮ፥ ለዚህ ተስፋ በቂ ማስረጃ አልቀረበም በማለት በ2012 ክስ መሠረተ። ድርጅቱም በዚያው ዓመት ሥራውን ዘጋ፤ በስምምነት በተፈጸመው ፍርድም ያን የማስታወቂያ ስም ዳግመኛ እንዳይጠቀምበት ተከለከለ። በፍርዱ ላይ የተጻፈው ገንዘብ ከ185 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር፤ ይህም ከ2008 ጀምሮ የተሸጠው ዕቃ ዋጋ ነው። ሆኖም 500,000 ዶላር ሲከፈል ቀሪው እንዲታገድ ተወሰነ። ቲትዘርም በ2014 ከኮሚሽኑ ጋር በስምምነት ጉዳያቸውን ጨረሱ። እንግዲህ ይህ ሁሉ ገንዘብ የወጣው ከማን ኪስ ነው? ለልጃቸው መልካም ዕድል ከሚመኙ፥ ልጃችን ከጓደኞቹ ወደ ኋላ ይቀርብናል ብለው ከሚሠጉ ወላጆች ኪስ ነው። ፍርሀትን ዕቃ አድርጎ መሸጥ ሁልጊዜ ትርፍ አለው።

የአንድ ድርጅት መዘጋት ግን ሐሳቡን አልዘጋውም። ዛሬ ያው ሐሳብ በእጅ ስልክ ውስጥ ገብቶ፥ ያለ ዋጋ የሚሰጥ መስሎ፥ በአዲስ አበባም በዋሽንግተንም ከሕፃናት አልጋ አጠገብ ይገኛል። ስለዚህ ክርክራችን ከአንድ ነጋዴ ጋር ሳይሆን ከሐሳቡ ጋር ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ንባብ ማለት ምን እንደ ሆነ መለየት ይገባል። ሕፃኑ «ውሻ» የሚለውን ጽሕፈት በመስኮቱ ላይ መቶ ጊዜ አይቶና መቶ ጊዜ ሰምቶ፥ በመጨረሻ የጽሕፈቱን መልክ አስታውሶ ወደ ውሻው ሥዕል ቢጠቁም፥ ይህ የማስታወስ ሥራ እንጂ ንባብ አይደለም። የአባቱን ጫማ ከሌላው ጫማ ለይቶ የሚያውቅ ሕፃን ጫማውን አነበበው አይባልምና። ንባብ ማለት ምልክትን ከድምፅ ጋር አዛምዶ፥ ከዚህ በፊት ታይቶ የማይታወቀውን ቃል ፈትቶ ማውጣትና ትርጕሙን መረዳት ነው።

ይህን ልዩነት ለማወቅ ባሕር መሻገር አያሻንም። የቤተ ክህነት መምህሮቻችን ከጥንት ጀምረው ጠንቅቀው ያውቁታል። ተማሪው ሀ ሁ ሂን በስንደዶ እየጠቆመ ሲደጋግም ፊደሉን ሳያውቅ ዜማውን ብቻ በቃሉ ሊይዝ ይችላል፤ ስንደዶው በአንዱ ፊደል ላይ ሳለ አፉ ከሌላው ይደርሳል። መምህሩ ይህን ስለሚያውቅ ልጁ ፊደል ለየ ብሎ ለመመስከር አይቸኩልም። ተራው ወደ ተለወጠው ወደ አ ቡ ጊ ዳ ያሻግረዋል፤ በዚያም በቃል የተያዘው ዜማ አይረዳውምና ልጁ ፊደሉን በእውነት አይቶ ለመናገር ይገደዳል። አቡጊዳ የሸመደደውን ካወቀው የሚለይ ወንፊት ነው። የቪዲዮ ነጋዴዎች የሚያወድሷቸውን ሕፃናት በዚህ ወንፊት ቢያሳልፏቸው ኖሮ ማስታወቂያው በአንድ ቀን ባለቀ ነበር።

የአማርኛ ቋንቋ ጠባይም ለዚሁ ምስክር ነው። «ቤት» የሚለውን ቃል እንደ ሥዕል የያዘ ሕፃን፥ «ቤታችን»፥ «ከቤታቸው»፥ «ስለ ቤቶቹ» የሚሉትን ሲያይ በእጁ ምንም የለም፤ እያንዳንዱ ለእርሱ አዲስ ሥዕል ነውና። ፊደሉን የለየ ተማሪ ግን አንዱን ቃል ባነበበበት ዐይን ሺሁን ያነባል። አንዱ በየቀኑ አንዳንድ እንጀራ ይለምናል፤ ሌላው እርሻ አለው።

ነገሩን በምርመራ የተመለከቱት ሊቃውንትም ከዚህ የራቀ ነገር አላገኙም። በኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የሆኑት ሱዛን ኒውማንና ባልደረቦቻቸው በ2014 ባሳተሙት ጥናት፥ ከ9 እስከ 18 ወር ዕድሜ ያላቸውን 117 ሕፃናት በዕጣ በሁለት ከፍለው፥ ለአንደኛው ወገን ብቻ የንባብ ቪዲዮውን፥ ካርዱንና መጽሐፉን ሰጥተው 7 ወር ያህል ተከታተሉ። ከዚያም በ14 ልዩ ልዩ መለኪያዎች መዘኗቸው። በ13ቱ መለኪያዎች ሁለቱ ወገኖች የሚለያዩበት ነገር አልተገኘም። ልዩነት የታየበት አንዱ መለኪያ የትኛው ነው? የወላጆች እምነት ነው። ቪዲዮውን የተቀበሉት ወላጆች ልጆቻችን አዲስ ቃል ዐውቀዋል ብለው አመኑ፤ ልጆቹ ግን አላወቁም። ቪዲዮው ያስተማረው ወላጆቹን ነው፤ ያስተማራቸውም የሌለውን ማየት ነው።

ጁዲ ደሎችና ባልደረቦቻቸውም በ2010 ባወጡት ጥናት፥ ከ12 እስከ 18 ወር የሆናቸው ሕፃናት ቃላት ያስተምራል የተባለ ቪዲዮ አንድ ወር ያህል ሲመለከቱ ቈይተው፥ ጨርሶ ካላዩት የበለጠ ቃል እንዳልተማሩ አሳይተዋል። ከሁሉ የበለጠ የተማሩት፥ ቪዲዮው ቀርቶ እናትና አባት በዕለት ኑሮአቸው መካከል እነዚያኑ ቃላት እንዲያስተምሯቸው የተደረጉት ናቸው። ቀደም ብሎም በ2003 ፓትሪሺያ ኩልና ባልደረቦቻቸው በአሜሪካ የ9 ወር ሕፃናትን የቻይንኛ ድምፅ አሰምተው ነበር። ተናጋሪው ሰው ከፊታቸው ተቀምጦ መጽሐፍ እያነበበና እያጫወተ ያሰማቸው ሕፃናት የዚያን ቋንቋ ድምፅ መለየት ተማሩ፤ ያንኑ ሰው በቴሌቪዥን መስኮት ያዩት ግን ምንም አልተማሩም። ቃሉ አንድ፥ ሰውየውም አንድ ነበር፤ የጐደለው የሰው ለሰው መተያየት ብቻ ነው።

«ቢጠቅምም ባይጠቅምም ምን ይጎዳል?» የሚሉ አይጠፉም። በ2007 የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፥ ከ8 እስከ 16 ወር ከሆናቸው ሕፃናት መካከል የሕፃናት ቪዲዮ አብዝተው የሚያዩት የሚያውቁት ቃል አነስተኛ ሆኖ መገኘቱን ጽፈው ነበር። ይህ ጥናት የነገሮቹን አብሮ መገኘት እንጂ አንዱ የሌላው ምክንያት መሆኑን ስለማያረጋግጥ፥ ሌሎችም ሊቃውንት ስለ ተከራከሩበት፥ ክርክራችንን በእርሱ ላይ አንመሠርትም። የእኛ መልስ ከዚህ የቀለለ ነው። የሕፃን ቀን አጭር ነው፤ ከእንቅልፉና ከጡቱ የሚተርፈው ሰዓት ጥቂት ነው። በዚያች ሰዓት እናቱ ስታነጋግረው፥ አያቱ እሹሩሩ ስትለው፥ ታላቅ ወንድሙ ድብብቆሽ ሲያጫውተው፥ ሕፃኑ ድምፅን ከፊት፥ ፊትን ከስሜት፥ ስሜትን ከቃል ጋር ያዛምዳል። ሲስቅ ይሳቅለታል፤ ሲንተባተብ ይመለስለታል። መስኮቱ ግን ሕፃኑ ቢስቅም ቢያለቅስም ያንኑ ይናገራል። ጉዳቱ እንግዲህ ቪዲዮው በሚያሳየው ሳይሆን ዝም በሚያሰኘው ሰው ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2019 ባወጣው መመሪያ፥ ዓመት ያልሞላው ሕፃን ከመስኮት ፊት ፈጽሞ እንዳይቀመጥ፥ ከ2 እስከ 4 ዓመት የሆነውም በቀን ከ1 ሰዓት እንዳያልፍ መክሯል።

ይህ ጉዳይ በባዕድ አገር ለሚኖሩ ወገኖቻችን ደግሞ እጥፍ ነው። በዚያ የሚወለደው ሕፃን አማርኛን የሚሰማው ከእናቱና ከአባቱ አፍ ብቻ ሊሆን ይችላል። ያችኑ ጥቂት ጊዜ ለእንግሊዝኛ ቪዲዮ አሳልፎ መስጠት፥ ልጁ በትምህርት ቤት ያለ ችግር የሚያገኘውን ለመሸመት ሌላ ቦታ የማያገኘውን መሸጥ ነው።

«ቀድሞ የጀመረ ቀድሞ ይደርሳል፤ የልጅ አእምሮም ከጥቂት ዓመት በኋላ ይዘጋል» የሚለው ሁለተኛው ክርክራቸው ነው። ይህም ቢሆን በማስረጃ አይቆምም። በፊንላንድ ልጆች መደበኛውን ትምህርት የሚጀምሩት በ7 ዓመታቸው ነው፤ ሆኖም የአገሩ ሕዝብ በማንበብ የተመሰገነ ነው። በኒው ዚላንድም ሴባስቲያን ሳጌትና ባልደረቦቻቸው በ2013 ባሳተሙት ጥናት፥ ንባብን በ5 ዓመታቸው የጀመሩትና በ7 ዓመታቸው የጀመሩት ልጆች 11 ዓመት ገደማ ሲደርሱ በንባብ ችሎታ ተስተካክለው ተገኝተዋል። ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው ተረታችን የስንፍና ምክር አይደለም፤ የተፈጥሮን ሥርዐት የሚያውቅ ሰው ንግግር ነው።

ይህን ስንል ቴሌቪዥን ለልጆች ሁሉ መርዝ ነው ማለታችን አይደለም። አፉን ፈትቶ፥ ጥያቄ መጠየቅ ለጀመረ ልጅ በጥንቃቄ የተሰናዳ ዝግጅት ሊጠቅመው ይችላል። በአሜሪካ ከ1969 ጀምሮ የቀረበው ሰሳሚ ስትሪት፥ በአገራችንም በ2006 የተጀመረው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» ለዚህ ዕድሜ የተዘጋጁ ናቸው። የ4 ዓመት ልጅ የሚበላውን ቆሎ ለጡት ልጅ ማቃመስ ግን ምግቡንም ልጁንም መበደል ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን ሌላ ነገር አለ። በ2010 በአገራችን በልዩ ልዩ ክልሎች በተደረገው የንባብ ምዘና፥ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሦ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። እነዚህ የ9 ወር ሕፃናት አይደሉም፤ ዕድሜአቸው የደረሰ፥ ደብተር ይዘው ትምህርት ቤት የተመላለሱ ልጆች ናቸው። የንባብ ችግራችን ያለው በአልጋ ላይ ሳይሆን በወንበር ላይ ነው። መጽሐፍ ለሦስትና ለአራት በሚካፈሉበት፥ መምህሩም የእያንዳንዱን ልጅ ንባብ ለመስማት ጊዜ በማያገኝበት ክፍል ውስጥ ነው። ባለጸጋው ገና ላልተናገረው ልጁ ቪዲዮ ሲገዛ፥ የድኻው ልጅ በ8 ዓመቱ ፊደል ሳይለይ ከክፍል ክፍል ቢዛወር፥ ይህ ሥልጣኔ የሚባል አይደለም።

ስለዚህ ለትምህርት ሥራ ኀላፊዎች የምንለው፥ ለሕፃናት ንባብ ያስተምራል ተብሎ የሚቀርበውን ዕቃ ሁሉ ማስረጃህ የት አለ ብለው ይጠይቁ፤ ገንዘቡንም በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች መጻሕፍትና መምህራን ላይ ያውሉት ነው። ለመምህራን የምንለው፥ ከ1ኛ ክፍል የሚመጣውን ልጅ በዜማ ሳይሆን በአቡጊዳ ይመዝኑት፤ ወላጆችንም ያለ ኀፍረት ያስረዱ ነው። ነገ ወላጅ ለምትሆኑት ተማሪዎችም የምንለው አለን። ልጃችሁ ሲወለድ የምትሰጡት የመጀመሪያው መጽሐፍ የገዛ ፊታችሁ ነው፤ የመጀመሪያውም ምንባብ ድምፃችሁ ነው። ተረት ንገሩት፤ እንቆቅልሽ ጠይቁት፤ በዕቃው ሁሉ ስም ጥሩለት። እናንተም ራሳችሁ ከፊቱ ተቀምጣችሁ መጽሐፍ አንብቡ። ሕፃን የሚመኘው ወላጁ በእጁ የያዘውን ነው፤ በእጃችሁ ስልክ ካየ ስልክን፥ መጽሐፍ ካየ መጽሐፍን ይመኛል። ፊደሉ በጊዜው ይደርሳል፤ በጊዜው ሲደርስም የሚያነበው ቃል በጆሮው የኖረ፥ በልቡ ትርጕም ያለው ይሆናል።