ደም ያለው ተቅማጥ ሁሉ አሜባ ነውን?

በደብረ ማርቆስም ሆነ በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች ሆዱን ያመመው ሰው «አሜባ ነው» ተብሎ ሜትሮኒዳዞል ይዞ መመለሱ የተለመደ ነው። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ኢንፌክሽን ስለሆነ በዚህ ቅር አልሰኝም። እኔን የሚያሳስበኝ ያው መድኃኒት ለሦስተኛና ለአራተኛ ጊዜ ሲታዘዝ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ 4 ሳምንት ካለፈው፣ ሰውነት ከከሳና ደም ማነስ ከተከተለ፣ አልሰሬቲቭ ኮላይቲስና ክሮንስ የተባሉትን የአንጀት ብግነቶች መጠርጠር ይገባል። «እሱማ የፈረንጅ በሽታ ነው» የሚሉ አሉ። ታዲያ ካልፈለግነው እንዴት እናገኘዋለን?

ለመለየት የሰገራ ምርመራ ብቻውን አይበቃም፤ ኮሎኖስኮፒና ከአንጀት የሚወሰድ ናሙና ያስፈልጋል። በእኛ አገር ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ የአንጀት ቲቢ ቁርጥ ክሮንስን ነው የሚመስለው። ቲቢና አሜባ ሳይጣሩ ፕሬድኒሶሎን ቢጀመር በሽታው ሊብስ፣ አንጀትም ሊበሳ ይችላል። በትክክል ከተለየ ግን መቆጣጠሪያ መድኃኒት አለ፤ ለኮላይቲሱ ሰልፋሳላዚን አንዱ ነው።

ነገ በየጤና ጣቢያው የምንመደበው እኛ ነን። ኮሎኖስኮፒ ባይኖረንም «ይህን መድኃኒት እስካሁን ስንቴ ወሰዱ?» ብሎ መጠየቅ አያቅተንም። «ሁለት ሦስቴ» ካሉን ሪፈር እንጻፍ።