ፕሬዚዳንት ከነበረ በኋላ እንደራሴ የሆነው ሰው

የአሜሪካን ፕሬዚዳንቶች ስም ጥራ የተባለ ተማሪ ዋሽንግተንን፣ ጄፈርሰንን፣ ሊንከንን ይልና ያቆማል። ስድስተኛው ፕሬዚዳንት ጆን ኩዊንሲ አዳምስ ግን ከመካከል ተደብቆ ይቀራል። ምክንያትም አለው፤ ፕሬዚዳንትነቱ አልተሳካለትም ነበርና። እኔ ዛሬ እሱን ያነሣሁት ከውድቀቱ በኋላ ስለ ሠራው ሥራ ነው።

አዳምስ በ1767 ዓ. ም. በማሳቹሴትስ ተወለደ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። አባቱ ጆን አዳምስ በኋላ የአገሪቱ ሁለተኛ ፕሬዚዳንት ሆኗል። ልጁ በ10 ዓመቱ ከአባቱ ጋር ባሕር ተሻግሮ ፈረንሳይ ገባ፤ በ14 ዓመቱም ወደ ሩሲያ ለተላከው የአሜሪካ መልእክተኛ ጸሐፊና የፈረንሳይኛ አስተርጓሚ ሆኖ እስከ ሴንት ፒተርስበርግ ሄደ። በዚህ ዕድሜ ብዙዎቻችን ገና ከሰዋስው ደብተራችን ጋር እንታገል ነበር። በ1787 ከሃርቫርድ ተመርቆ፣ በኋላም በኔዘርላንድ፣ በፕሩሲያ፣ በሩሲያና በእንግሊዝ አገሩን ወክሎ ሠራ። ከ1817 ጀምሮ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳለም፣ ፍሎሪዳን ከስፔን ያስገኘውን የ1819 ዓ. ም. ውል የተዋዋለው እሱ ነው።

ታዲያ ይህን ያህል የተዘጋጀ ሰው ለምን ወደቀ? ነገሩ የተበላሸው ገና ከበሩ ነው። በ1824 ምርጫ ጄኔራል አንድሩ ጃክሰን 99፣ አዳምስ 84 የመራጮች ድምፅ አገኙ። ለማሸነፍ የሚያስፈልገው 131 ስለ ነበረ ውሳኔው ለእንደራሴዎች ምክር ቤት ተላለፈ። አፈ ጉባኤው ሄንሪ ክሌይ አዳምስን ደገፈና አዳምስ ተመረጠ። ወዲያውም ክሌይን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አድርጎ ሲሾመው የጃክሰን ወገኖች ሹመት በድምፅ ተሸጠ እያሉ ጮኹ። ስምምነት መኖሩ አልተረጋገጠም፤ ሹመቱ ግን ብልኅነት የጎደለው ነበር ለማለት እደፍራለሁ። ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲና የከዋክብት መመልከቻ ይሠራ ብሎ ያቀረበውን አሳብ ኮንግረሱ ሳይቀበለው ቀረ። በ1828 ጃክሰን አሸነፈው።

ሌላ ሰው ቢሆን ቤቱ ተቀምጦ ቂሙን ይቆጥር ነበር። አዳምስ ግን በ1830 የአገሩ ሰዎች ለምክር ቤት ሲመርጡት፣ ከፕሬዚዳንትነት ወደ እንደራሴነት መውረድ ያሳፍረኛል አላለም።

በ1836 ምክር ቤቱ ስለ ባርነት የሚቀርብ አቤቱታ ሁሉ ሳይመከርበት እንዲታለፍ ደነገገ። አዳምስ ለሕዝብ አቤት የማለት መብት ተሟጋች ሆኖ ተነሣ፤ በየጊዜውም አቤቱታዎቹን ተሸክሞ ይመጣ ነበር። በ1837 አንድ ቀን፣ ባሪያዎች ፈርመውበታል የተባለ አቤቱታ በእጄ አለ፤ ደንቡ ይህንንም ይከለክላልን? ብሎ አፈ ጉባኤውን ጠየቀ። የደቡብ እንደራሴዎች በቁጣ ተነሥተው ይወገዝልን አሉ። ጩኸቱ ካየለ በኋላ አዳምስ፣ አቤቱታው እነሱ እንዳሰቡት ባርነት ይቅር የሚል ሳይሆን ተቃራኒው መሆኑን ገለጸላቸው! ሽማግሌው ቀልድ ያውቅ ነበር። በ1842 እንደገና ሊያወግዙት ሞከሩ፤ ቀናት ሙሉ ተከራክሮ አመለጠ። ደንቡ የተሻረው በታኅሣሥ 1844 ነው፤ ለዚህም ስምንት ዓመት ታግሏል።

በመካከሉ፣ በ1841፣ የ73 ዓመት ሽማግሌ ሳለ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቀርቦ ለአፍሪካውያን ተከራከረ። እነዚህ ሰዎች ከምዕራብ አፍሪካ ተፈንግለው ኩባ ከተሸጡ በኋላ አሚስታድ በምትባል መርከብ ሲጫኑ ዐምፀው መርከቢቱን ይዘው ነበር። ነፋስና የመርከብ ነጂዎቹ ተንኮል ወደ አሜሪካ ጠረፍ አደረሷቸውና ታሰሩ። ፍርድ ቤቱ ነጻ ሰዎች ናቸው ብሎ ፈረደ፤ ከሞት የተረፉትም 35 ሰዎች ወደ አገራቸው ተመለሱ።

የካቲት 21 ቀን 1848 አዳምስ በምክር ቤቱ ወንበሩ ላይ ሳለ ድንገት ወደቀ። ወደ አፈ ጉባኤው ክፍል ወሰዱት፤ ከሁለት ቀን በኋላ በዚያው አረፈ። ዕድሜው 80 ነበር። በዚያ ምክር ቤት ከኢሊኖይ የመጣ አብርሃም ሊንከን የሚባል አዲስ እንደራሴም ነበረበት።

ስለ ጄኔራል ጃክሰን በሚመጣው ሳምንት እንጫወታለን።