ከስኒው ይልቅ ምላጩ ይፈራ

የባቲ ገበያ የሚቆመው ሰኞ ነው። ከቆላው አፋሮች ግመልና ፍየል እየነዱ፣ ከደጋው ገበሬዎች እህል ጭነው፣ ከዙሪያው ቀበሌዎች የኦሮሞ አርሶ አደሮች ማሽላቸውንና ከብታቸውን ይዘው ሲገናኙ ከተማይቱ ጢም ብላ ትሞላለች። በዚያ ቀን ሰው ከሰው ጋር ይጋፋል፤ ዋጋ ሲቆረጥ ይጨባበጣል፤ ውሃ በአንድ ጣሳ ይጠጣል፤ ቡና ቤት አንዱ ጠጥቶ ሲነሣ ሌላው ተለቅልቆ በቀረበለት ስኒ ይቀጥላል። እንደዚህ ባለ ገበያ ዳር ደግሞ ራስ የሚላጭ፣ ጥርስ የሚነቅል፣ በዋግምት ደም የሚያወጣ፣ መርፌ ይዞ የሚዞር ሰው አይጠፋም። የሚያስገርመው በስኒው የሚሠጋው ሰው ያው በምላጩ ፊት አንገቱን ዝቅ አድርጎ ያለ ሐሳብ መቀመጡ ነው።

ኤች አይ ቪ በኢትዮጵያ መኖሩ ከታወቀ አርባ ዓመት ያህል ሆኖታል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት የኤድስ ሕሙማን የተመዘገቡት እ.ኤ.አ. በ1986 ነበር። በእነዚያ ዓመታት መድኃኒት አልነበረም፤ የታመመው ሰው ከስቶና መንምኖ ሲሞት ይታይ ስለነበር ሕዝቡ በመፍራቱ የሚወቀስ አልነበረም። ዛሬ ግን ሁኔታው ሌላ ነው። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ከጥር 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑት መካከል ቫይረሱ የተገኘባቸው ከመቶ 0.9 ነበሩ፤ በከተማ 2.9፣ በገጠር 0.4 ማለት ነው። ቁጥሩ በገጠር ማነሱ መልካም ሆኖ ሳለ አንድ መዘዝ አለው። በሽታው ጥቂት በሆነበት መንደር ሰው ስለ በሽታው የሚያውቀው ከጎረቤቱ ኑሮ ሳይሆን ከወሬ ነው።

ወሬው ምን እንደሚያደርግ የማኅበር መሪዎች ሳያዩት አይቀሩም። አንድ የመንደር ሰው መድኃኒት መጀመሩ የተሰማ እንደሆነ በቅድሚያ የሚለየው ስኒው ነው። ቀጥሎ ሳህኑ፣ ከዚያም መቀመጫው ይለያል። በወሎ ቅሬ ማለት መቅበሪያ ብቻ አይደለም፤ ድስቱም፣ ሳህኑም፣ ኀዘኑም የጋራ ነው። ከቅሬው ዕቃ የተለየ ሰው ከመንደሩ እንደተለየ ይቆጠራል። ይህን የሚያውቅ ሕመምተኛ መድኃኒቱን በአቅራቢያው ካለው ጤና ጣቢያ መውሰድ ይተውና ማንም ወደማያውቀው ከተማ ይሄዳል። ከባቲ እስከ ኮምቦልቻ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ደሴ ደግሞ ከዚያ አልፎ ነው። የመኪና ገንዘብ ሲጠፋ፣ አጨዳ ሲደርስ፣ ወይም መንገድ ሲዘጋ ቀጠሮው ያልፋል። መድኃኒቱ ሲቋረጥ ቫይረሱ በደም ውስጥ እንደገና ይበዛል።

ነገሩ የሚከፋው እዚህ ላይ ነው። መድኃኒቱን ሳያቋርጥ እየወሰደ ቫይረሱ በምርመራ ከማይታይበት ደረጃ የደረሰ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት እንኳ ለትዳር ጓደኛው አያስተላልፍም። ያቋረጠ ግን ሊያስተላልፍ ይችላል። ስለዚህ ስኒ የለየ መንደር ራሱን የጠበቀ ቢመስለውም ለቫይረሱ በር የከፈተው ራሱ ነው።

በስኒ፣ በሳህን፣ በመጨባበጥና በጋራ መጸዳጃ ቤት ኤች አይ ቪ አለመተላለፉ በግምት የተነገረ ቃል አይደለም። መድኃኒት ባልነበረበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1986፣ የኒው ዮርክ ሐኪሞች ከ39 የኤድስ ሕሙማን ጋር በአንድ ቤት የኖሩ 101 ሰዎችን መርምረው ውጤቱን አሳትመዋል። የተመረመሩት የሕሙማኑ የአልጋ ጓደኞች ሳይሆኑ ሌሎች ቤተሰቦቻቸው ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ከሕሙማኑ ጋር በአንድ ሳህን በልተዋል፣ በአንድ ብርጭቆ ጠጥተዋል፣ መታጠቢያና መጸዳጃ ተጋርተዋል፣ ሕሙማኑን አስታመዋል። ቫይረሱ የተገኘው በአንድ ሕፃን ላይ ብቻ ሲሆን፣ እሱም ሲወለድ ከእናቱ የመጣ እንጂ ከማዕድ የመጣ አልነበረም። ባቲ የወባ አገር እንደመሆኑ ስለ ትንኝም ይጠየቃል። ቫይረሱ በትንኝ ሆድ ውስጥ ከደሙ ጋር ይፈጫል እንጂ እንደ ወባ ተዋሲያን አይራባም። ትንኝ የሚያስተላልፈው ቢሆን ኖሮ ወባ ባለበት አገር ሁሉ ሕፃኑም ሽማግሌውም ከጎልማሳው እኩል በተያዘ ነበር።

ዋናው መተላለፊያ መንገድ ዛሬም ጥንቃቄ የጎደለው የግብረ ሥጋ ግንኙነት ነው። ከእናት ወደ ልጅ መተላለፉ ይከተላል። ሦስተኛው ደም ነው፤ ፍርሃቱ መንገዱን የሳተው በዚህኛው ላይ ነው።

ብዙ ሰው ደም ሲባል የሚታየው ጤና ጣቢያ ነው። ነፍሰ ጡሯ «መርፌው ያስይዘኛል» ብላ ቤቷ ትወልዳለች። ጎረምሳው ጣቱን ተወግቶ መመርመር ይፈራል። ለዘመዱ ደም የሚያስፈልገው ሰው «የማን ደም እንደሆነ ማን ያውቃል» ይላል። ይህ ጥያቄ ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ሰው ወደ ሰውነቱ ስለሚገባው ነገር መጠየቁ ነውር የለበትም። መልሱም አለ። ለጣት መውጊያ የምታገለግለው ትንሽ መርፌ ለአንድ ሰው አንዴ ብቻ አገልግላ ትጣላለች። የክትባቱ ሲሪንጅ አንዴ ከተገፋ በኋላ ተመልሶ እንዳይሳብ ሆኖ የተሠራ ነው። ደሙም ከደሴው የደም ባንክ የሚወጣው ለኤች አይ ቪ፣ ለጉበት በሽታና ለቂጥኝ ከተመረመረ በኋላ ነው። ቫይረሱ ባለበት ደም የተነካ መርፌ የጤና ባለሙያን በስሕተት ቢወጋ እንኳ ከ1,000 አጋጣሚ የሚይዘው 3 ያህሉን ነው። ይህም ሆኖ በ72 ሰዓት ውስጥ መድኃኒት ጀምሮ ለ28 ቀናት ለወሰደ ሰው ዕድሉ ከዚያም ያነሰ ይሆናል።

ቤቷ የቀረችው እናት ግን ከፈራችው ነገር አላመለጠችም። ቫይረሱ በደሟ ካለና ሕክምና ካላገኘች ከ100 ሕፃናት ከ15 እስከ 45 የሚሆኑት ሊያዙ ይችላሉ፤ መድኃኒቱን ከወሰደች ቁጥሩ ከ5 በታች ይወርዳል። ከዚህም ሌላ ባዶ እጇን የምታዋልዳት የልምድ አዋላጅ አለች። በመንደር ወሬ የአዋላጇ ነገር አይነሣም እንጂ፣ ጣቷ ላይ ቁስል ካለ በደሙ የምትነከረው እሷ ናት።

በሕክምና ስም የመጣ እውነተኛ አደጋ የታየው በሌላ ቦታ ነው። በካምቦዲያ አገር ባታምባንግ በሚባለው ክፍለ ሀገር ሮካ የምትባል የገበሬዎች መንደር አለች። እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ በዚያች መንደርና በአካባቢዋ ከ200 የሚበልጡ ሰዎች ቫይረሱ በደማቸው ተገኘ፤ ከመካከላቸው ሽማግሌዎችና ሕፃናት ነበሩባቸው። ምክንያቱ ሲመረመር የሕክምና ፈቃድ የሌለው፣ ነገር ግን መንደሩ የሚወደውና የሚያምነው መርፌ ወጊ ሲሪንጅ ከሰው ወደ ሰው ማዘዋወሩ ተደረሰበት። ፍርድ ቤትም በዓመቱ 25 ዓመት እስራት ፈረደበት። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ በፓኪስታን ራቶዴሮ በተባለች ወረዳ ከ800 በላይ ሰዎች ተያዙ፤ አብዛኞቹ ሕፃናት ነበሩ፤ እዚያም በዋናነት የተወቀሰው ደጋግሞ ያገለገለ ሲሪንጅ ነው። ሮካ ከባቲ ሩቅ ናት። መርፌ ወጊው ግን በየትኛውም የገጠር መንደር የሚታወቅ ሰው ነው፤ ለድኃው ይደርሳል፣ ሌሊት ሲጠሩት ይመጣል።

በዕድሜ የገፉ ሰዎች ድሬሰር የመስተዋት ሲሪንጁን በውሃ ሲቀቅል ያስታውሳሉ። ያ ሲሪንጅ እንዲቀቀል ተብሎ የተሠራ ነበር። የዛሬው ፕላስቲክ ግን አንዴ ተጠቅሞ ለመጣል የተሠራ ስለሆነ ሲቀቀል ይበላሻል፤ ስለዚህም የሚቀቅለው የለም። አንዳንዱ «መርፌውን ለውጫለሁ» ብሎ ሰውን ያጽናናል። ነገር ግን መርፌው ሥጋ ውስጥ ሲገባና ሲወጣ ጥቂት ደም ወደ ቱቦው ይሳባል፤ አዲስ መርፌ በአሮጌ ቱቦ ላይ ቢሰካ የቀደመው ሰው ደም ከመድኃኒቱ ጋር ይገባል። ቫይረሱ በአየር ላይ ሲደርቅ ቶሎ ይደክማል፤ በተዘጋ ቱቦ ውስጥ በቀረ ደም ግን እንደ ሙቀቱ መጠን ለቀናት፣ አልፎም ለሳምንታት መቆየቱ በቤተ ሙከራ ታይቷል። የቡና ስኒና ሲሪንጅ የሚለያዩት በዚህ ነው።

ምላጩም ከዚህ ወገን ይመደባል። አንድ ምላጭ አምስት ራስ ሲላጭ፣ አንድ ምላጭ በዋግምት ወይም በሒጃማ የሦስት ሰው ቆዳ ሲበጣ፣ እንጥል ሲቆረጥበት፣ ልጆች በአንድ ቀን ተሰልፈው ሲገረዙበት የሚሻገረው ኤች አይ ቪ ብቻ አይደለም። ሄፓታይተስ ቢ የሚባለው የጉበት በሽታ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ ለ7 ቀን ይቆያል። ይህ ቫይረስ ያለበት መርፌ ያልተከተቡ 1,000 ሰዎችን ቢወጋ ከ60 እስከ 300 የሚሆኑትን ሊያሲዝ ይችላል። በኢትዮጵያ ሕፃናት ለዚህ በሽታ መከተብ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ2007 ስለሆነ ከዚያ በፊት የተወለደው አብዛኛው ሰው ክትባቱን አላገኘም። የሴት ልጅ ግርዛትማ በአዲስም ምላጭ ቢሆን በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ የሚያስቀጣ ነው፤ ምላጩ ንጹሕ ነው ማለት ለእሱ መከራከሪያ አይሆንም።

«ይህ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሥራ ነው» የሚል የማኅበር መሪ ሊኖር ይችላል። ዛሬም በብዙ መንደር ገበሬ ማኅበር እየተባለ በሚጠራው ቀበሌ ውስጥ እነዚህ ሴቶች ደክመዋል፤ ይሁን እንጂ የቅሬ ዕቃ ይለይ አይለይ የሚወስኑት እነሱ አይደሉም። ያንን የሚወስኑት የቅሬ ዳኞች፣ ሸሆችና አበጋሮች ናቸው፤ የማኅበሩ መሪም ቃሉ ከእነዚህ ጋር ሲገጥም ይሰማል። መሪው በቡና ላይ ያንኑ ስኒ ተቀብሎ ቢጠጣ የአንድ ወር ትምህርት ያህል ይሠራል። የማን ደም ምን እንዳለበት ግን መጠየቅም ማስነገርም የለበትም። ዕቃው ለሁሉም አንድ ከሆነ ማን መድኃኒት እንደሚወስድ መታወቁ ለማንም አይጠቅም።

የመርፌ ወጊው ጉዳይ ይከብዳል። ሰውዬውን ከመንደር ማባረር ቀላል ነው፤ ችግሩ ሌሊት ትኩሳት የያዘው ልጅ ያላት እናት ማን ጋ ትሂድ የሚለው ነው። በ2014 ዓ.ም. በመጀመሪያዎቹ ወራት በወሎ በተካሄደው ጦርነት ብዙ የጤና ተቋማት ተዘርፈው አገልግሎታቸው ተቋርጦ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ሰው ያገኘውን ይዞ ያድራል። ሆኖም ወሎ በቃሬዛ ሕመምተኛ ተሸክሞ ወደ ሐኪም ቤት የማድረስ የቆየ ልማድ አለው፤ ባለተራው ይታወቃል፣ የቀረም ይቀጣል። ይህ ሥርዓት ለወላድና ለሕፃን ትኩሳት ሌሊትም ቢሆን እንዲሠራ ከተደረገ መርፌ ወጊው ገበያ ያጣል። ፈቃድ ሳይኖረው መውጋቱን ካልተወም ማኅበሩ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ማስታወቅ ይገባዋል። ብዙ ጊዜ በክኒን የሚድን ሕመም መርፌ አይፈልግም፤ መርፌ ከክኒን ይበልጣል የሚለው እምነት ራሱ መርፌ ወጊውን አስከብሮታል።

ጤና ጣቢያ የሚሄደውም ሰው አፉን ይዞ አይቀመጥ። ሲሪንጁ ከፓኬቱ ሲወጣ በዓይኑ የማየት መብት አለው፤ «እዚሁ ይከፈትልኝ» ማለት ስድብ አይደለም። በአንጻሩ ደግሞ ሐኪሙ ጓንት ሲያጠልቅ «ጠረጠረኝ» ብሎ መከፋት አያስፈልግም። ጓንቱ ለሁሉም ሰው እኩል የሚደረግ ነው። በሜዳ ላይ የወደቀ ሲሪንጅ የወጋው እረኛ ቢኖር በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይወሰድ፤ 72 ሰዓቱ መቆጠር የሚጀምረው ከተወጋበት ደቂቃ እንጂ ለአባቱ ከነገረበት ቀን አይደለም።

የራስ መላጫውና የዋግምቱ ነገር ከሁሉም ይቀላል፤ የራሱን ምላጭ ያልያዘ እንዳይላጭና እንዳይበጣ ቅሬው ይወስናል፣ ያገለገለው ምላጭም ጉድጓድ ይገባል። ሰኞ ለገበያ ወደ ባቲ የሚወርድ መሪ ከሱቅ አንድ ፓኬት ምላጭ ገዝቶ ለመንደሩ ራስ ላጭ ማስረከብ አያቅተውም።