ሸራ ለባሿ ደጅ ትደር!

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በአዲስ አበባ ባለጠጎች ዘንድ የገባ አንድ ፈሊጥ አለ፤ አሮጌ መኪና መሰብሰብ። መሰብሰቡ ባልከፋ፤ ሰው ገንዘቡን በፈለገው ነገር ላይ ቢያውል ማን ከልካይ አለው? የከፋው መኪናዋ ከተገዛች በኋላ የሚደርስባት ነው። ቀለም ትቀባለች፣ ኒኬሏ ይወለወላል፣ ከዚያ የብረት በር ወዳለው ቤት ትገባና በላስቲክ ትሸፈናለች። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ምናልባት ለሠርግ፣ ምናልባት ምግብ ቤት በር ላይ ለፎቶግራፍ ብቅ ትላለች። ለምን ትታሰራለች ብላችሁ ብትጠይቁ "ቅርስ ናት" ይሏችኋል። ቅርስ ማለት እስረኛ ማለት ነው እንዴ?

ይህ ፈሊጥ አሁን ከአዲስ አበባ ወጥቶ በደሴ መንገድ ወደ ታች እየወረደ ነው። ያገኘሁት ከሚሴ ላይ ነው። ከሚሴ፣ የጣርማበርን ብርድ ጥለው፣ ደብረ ሲናን፣ ሸዋ ሮቢትንና አጣዬን አልፈው፣ ከአዲስ አበባ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዙ የሚያገኟት ሞቃት ከተማ ናት። አጠገቧ የተዘረጋውን የጨፋ ሸለቆ የቦርከና ወንዝ ስለሚያረሰርሰው፣ በበጋ ሌላው አገር ሲያር እሱ ለምለም ነው፤ ኦሮሞው፣ አፋሩና አርጎባው ከብቱን እየነዳ የሚመጣው ለዚህ ነው። እዚያ አንድ ነጋዴ አሉ፤ ስማቸው ይቆየን፣ አገሬው ሀጂ ይላቸዋል። ሸራ ለባሽ ላንድሮቨር አለቻቸው። ከሸለቆው ሽንኩርት ታመጣለች፣ ማሽላ ታመጣለች፣ ሌሊት ምጥ የያዛት ሴት ካለች ወደ ሐኪም ቤት የምታደርሰው እሷው ናት። ስትውልም ስታድርም ከሱቃቸው ፊት ለፊት ካለው ግራር ሥር ነው።

ከአዲስ አበባ የመጣ ደላላ አያትና ልቡ ተሰቀለ። "ሀጂ፣ ይቺ እኮ ቅርስ ናት። ፀሐይና ዝናብ ላይ ማቆምዎ ግፍ ነው፤ ለሚያከብራት ሰው ይስጧት" አላቸው። "እኔስ የት የምውል መሰለህ?" አሉት። ልጃቸው ግን ከደላላው ጎን ቆመ። "አባ፣ እንሽጣት፤ ባጃጅ እንገዛበታለን" ነው የሚለው። ክርክሩ ከሱቁ አልፎ ቡና የሚጠጣበት ቤት ሁሉ ደርሶ ነበር፤ እኔንም "አንተ የተማርከው ምን ትላለህ?" አሉኝ። እዚያ ያልኩትን እዚህ አስፍቼ ልጻፈው፤ እኔ ከሀጂ ጎን ነኝ።

የነገሩ ሥር ገበያ ነው። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ዕድሜያቸው በገፋ ያገለገሉ መኪናዎች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በኤሌክትሪክ የማይሠራ አውቶሞቢል ከእንግዲህ ወደ አገር እንደማይገባ አስታወቀ። የሕጉን ክፉና ደግ ሌሎች ይሟገቱበት። እኔን የሚገደኝ ውጤቱ ነው። በሩ ሲዘጋ የቀረን ቀደም ብሎ የገባው ብቻ ሆነ፤ ትናንት "ውራጅ" ይባል የነበረው ዛሬ ወርቅ ሆነ፤ ወርቅ ደግሞ ይቆለፍበታል። እንግዲህ ከከሚሴ አንዲት ላንድሮቨር ተገዝታ ቦሌ ግቢ ውስጥ ስትቆለፍ ለከሚሴ የሚተካላት የለም። ሽንኩርቱን ማን ያመጣዋል? ያቺ ሴትስ ሌሊት በምን ትሄዳለች? ደላላው ይህን አይቆጥርም፤ መቁጠርም ሥራው አይደለም።

"እሱስ ይሁን፤ ግን መኪናዋ ብትቆለፍ ትተርፋለች፣ ደጅ ብታድር ታልቃለች" የሚል ይኖራል። የሰብሳቢዎቹ ምሽግ ይህ ነው። ይህ ምሽግ ግን በአሸዋ የተሠራ ነው፤ ማንኛውም ያረጀ ሞተሪስት በአምስት ደቂቃ ያፈርሰዋል።

የቆመች መኪና ምን እንደምትሆን ልብ በሉ። ካርቡራቶሩ ውስጥ የቀረው ቤንዚን ይተንና እንደ ሙጫ የሚጣበቅ አተላ ትቶ ይሄዳል፤ በዚያ ፀጉር በሚያክል ቀዳዳ ቤንዚን አያልፍም። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት የመጠጣት ጠባይ ስላለው፣ ያ እርጥበት የፍሬኑን ቺሊንደር ከውስጥ ያዝገዋል፤ አንድ ቀን ፍሬኑ እንደተያዘ ይቀራል ወይም ጨርሶ አይይዝም። ዘይት እየነካ የሚያረሰርሳቸው ጎሚኒዎች ይደርቃሉ፣ ይሰነጠቃሉ፣ ያፈሳሉ። ጎማው ክብደት ባረፈበት በኩል ይጠፈጠፋል። ባትሪው ይሞታል። አይጥ መቀመጫው ውስጥ ትወልዳለች፤ ልጆቿንም በሽቦ ልባስ ታሳድጋለች።

ብልጥ ነኝ የሚለው ሰብሳቢ ደግሞ "እኔ በየሳምንቱ አስነሳታለሁ" ይላል። አስነስቶ አምስት ደቂቃ ያጓራታል፣ ጭሷን ያያል፣ ያጠፋታል። ይህ ካለማስነሳት የባሰ ነው! ቤንዚን ሲቃጠል ውኃም ይወጣዋል። ሞተሩና የጭስ ማውጫው በደንብ ሳይግሉ ከጠፋ ያ ውኃ ተንኖ አይወጣም፤ ዘይቱ ውስጥ ይገባል፣ ጭስ ማውጫው ውስጥም ይተኛል፤ ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላዋል። ውኃውን የሚያስወጣው ግማሽ ሰዓት የሚፈጅ እውነተኛ መንገድ ነው። ሀጂ ሳያስቡት በየቀኑ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

ስለ ቤቱም አንድ ነገር ልበል። የአዲስ አበባ ክረምት አራት ወር እርጥበት ነው። ሲሚንቶው እርጥብ በሆነ፣ አየር በማይገባው ቤት ውስጥ መኪና በላስቲክ መሸፈን ማለት በእንፋሎት መቀቀል ማለት ነው። ላስቲክ ከላይ የሚመጣውን ዝናብ ከልክሎ ከታች የሚነሳውን እርጥበት ያፍናል። ዝገት የሚወልደው እርጥበት እንጂ ደጅ መሆን አይደለም። ዝናብ የመታት መኪና ነፋስና ፀሐይ ሲያገኛት በሁለት ሰዓት ትደርቃለች። ከባሕር ጠለል በላይ 1,450 ሜትር ያህል ላይ ያለችው፣ ፀሐይ የማያጣት ከሚሴ፣ ለአሮጌ ላሜራ ከብዙ የቦሌ ጋራዦች የተሻለች መኝታ ናት። ሞተሩም ቢሆን እዚያ ይተነፍሳል፤ በካርቡራቶር የሚሠራ ሞተር ጣርማበር ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ቤንዚን በዝቶበት ጥቁር ጭስ እያጨሰ ያለከልካል፤ ወደ ሸለቆው ሲወርድ ግን ጉልበቱ ይመለሳል። (አዲስ አበባ የተስተካከለ ካርቡራቶር ከሚሴ ሲደርስ ቤንዚን ስለሚያጥረው እንደገና መስተካከሉን አትርሱ። ይህን የሚያውቁ እጆች እያነሱ ነው፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።)

ላንድሮቨር ላይ ስንመጣ ደግሞ ክርክሩ ጭራሽ ያስቃል። ላንድሮቨር ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየችው እ.ኤ.አ. በ1948 አምስተርዳም ላይ ነው። ከጦርነቱ በኋላ እንግሊዝ አገር ብረት በራሽን ስለነበር አካሏን በአሉሚኒየም ቅይጥ ሠሩት። አሉሚኒየም እንደ ብረት አይዝግም። የብረት ሻንሲዋ ነው ጥንቃቄ የሚፈልገው፤ በተለይ ጨፋን ለሚመላለስ ሰው የረግረጉ ጭቃ እዚያ ተጋግሮ እንዳይቀር ማጠብ፣ ዘይት መቀባት። ጣሪያዋም ሸራ የሆነው ለመሽሞንሞን አይደለም፤ ገበሬ ጭኖ እንዲሄድባት ተብሎ ነው። ፈረንጅ "ካብሪዮሌ" ሲል የሐር ሻሽ ያሰረች ሴት በባሕር ዳርቻ ስትነዳ ይታየዋል። እኛ አገር ጣሪያዋ የሚነሳ መኪና ስንል የሚታየን በግና ጆንያ፣ ከላያቸውም አምስት ሰው ነው።

ሸራው ራሱ ከሚታሰበው በላይ ጠንካራ ነው። የጥጥ ሸራ ውኃ ሲነካው ክሩ ያብጥና ቀዳዳውን ይደፍናል። እርጥቡን አጥፎ ማስቀመጥ ግን ሻጋታ መጥራት ነው፤ ይድረቅ፣ ከዚያ ይታጠፍ። በኦሞ አይታጠብ፤ ውኃ እንዳያስገባ የተቀባውን ነገር ጠራርጎ ይወስደዋል። የወፍ ኩስ ሳያድር ይጥረጉት። ፀሐይ ቀድማ የምታበሰብሰው ጨርቁን ሳይሆን ስፌቱን ነው፤ ስፌቱን ደግሞ ድንኳን የሚሰፋ ማንኛውም ሰው ይሰፋዋል። ሀጂ ጣሪያቸውን ያሰፉት ኮምቦልቻ ነው፤ የከፈሉት የእጅ ዋጋ ደላላው ለምሳ ካወጣው ብዙ አይበልጥም።

ሐቁን ላለመደበቅ ያህል፣ ሁሉም ጣሪያ የሌላት መኪና እንዲህ ቻይ አይደለችም። ቮልስን ውሰዱ። ካርማን የተባለው የጀርመን ፋብሪካ ከ1949 እስከ 1980 እ.ኤ.አ. 331,847 ጣሪያቸው የሚታጠፍ ቮልሶች ሠርቷል። የተራዋ ቮልስ ጥንካሬ ከፊሉ ከጣሪያዋ ነው፤ ጣሪያው ሲነሳ ከበሮቹ ሥር ተጨማሪ ብረት ተበየደ። ያ ብረት ከዛገ መኪናዋ መሐሏ ላይ ትረግባለች፣ በሮቿም አልዘጋ ይላሉ። እንዲህ ያለችውን የያዘ ሰው በክረምት መጠለያ ቢሠራላት አልቃወምም። መጠለያ ግን አራት ምሰሶና አንድ ቆርቆሮ ነው፤ ነፋስ ይግባበት። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ይዟት ወደ ሥራ ይሂድ።

የነዳጁን ነገር አውቀዋለሁ፤ የቤንዚን ላንድሮቨር በ100 ኪሎ ሜትር ከ15 ሊትር በላይ ትጠጣለች፤ ከሐምሌ 2014 ዓ.ም ጀምሮ ድጎማው እየተነሳ በመሄዱም ያማል። ፍሬኗም የዛሬ ፍሬን አይደለም፤ የጣርማበርን ቁልቁለት በከባድ ማርሽ ካልወረዱ ነፍስ ላይ መቀለድ ነው። በየዓመቱ ለቦሎ ስትመረመር ጥብቅ ይሁኑባት፤ ይህ ተገቢ ነው። ይህ ሁሉ ግን በጥንቃቄ ንዷት ይላል እንጂ ቆልፉባት አይልም።

"ታሪክስ?" ይሉኛል ቅርስ ወዳዶቹ። ታሪክ ካነሳን እንነሳ! በ1900 ዓ.ም እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሊ ለምኒልክ ያመጣት መኪና መንገድ በሌለበት አገር፣ ከባሕር ዳር ተነስታ ሜዳና ገደል አቋርጣ ነው አዲስ አበባ የገባችው። ማን ጋራዥ ሠራላት? ከዚያ ደግሞ ወደ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም እንምጣ። ጃንሆይ በቤተ መንግሥታቸው ጣሪያ ሥር ስንት የተወለወለ መኪና ነበራቸው። ከዙፋናቸው ወርደው የሄዱት ግን ከመንገድ በመጣች ተራ ቮልስ ነው። ያ ቤተ መንግሥት፣ የዛሬው ብሔራዊ ቤተ መንግሥት፣ በ2017 ዓ.ም ለጎብኚ ሲከፈት የንጉሠ ነገሥቱ መኪናዎች ለእይታ ቀርበዋል፤ እሰየው፤ የዘውድ መኪና ቦታው እዚያ ነው። ሕዝቡ ግን ስለዚያ ቀን ሲያወራ እስካሁን ከአፉ የማይለየው ያቺ ቮልስ ናት። የተራ ሰው መኪና ታሪኳ ሥራዋ ነው፤ ሥራዋን ቀምቶ ታሪኳን አስቀርቻለሁ ማለት ምን ይሉት ጥበብ ነው?

ለሀጂ ልጅም የምለው አለኝ። እገዛዋለሁ የሚለው ባጃጅ እስቲ ምንድን ነው? ጣሪያው ሸራ፣ በሩ ሸራ፣ ከንጋት እስከ ምሽት የሚሮጥ፣ ደጅ የሚያድር። ከሚሴን በቀን አንድ ሺህ ጊዜ የሚዞሯት እነዚህ ሸራ ለባሾች ናቸው፤ አንድም ሰው "ግፍ ነው፣ ፀሐይ ላይ አታቁሙት" ሲላቸው አልሰማሁም። አባትህ የያዙት ያንኑ ሥራ ነው፤ ልዩነቱ የእሳቸው ጆንያ ሃያ ይሸከማል፣ ጭቃ ውስጥም ገብቶ ይወጣል።

አሁን ወደ እጆቹ ልመለስ፤ ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ካርቡራቶር ፈትቶ የሚያጥብ፣ ፑንቲና የሚያስተካክል፣ የፍሪሲዮን ድምፅ ሰምቶ ሕመሙን የሚናገር ሞተሪስት መጽሐፍ አንብቦ አልተማረም። እነዚህ መኪናዎች በየሳምንቱ እየተበላሹ ስለመጡለት ነው የተማረው። ሰብሳቢው ግቢ ውስጥ የተቆለፈች መኪና አትበላሽም፤ ትሞታለች እንጂ። ስለዚህ ለማንም አታስተምርም። ደሴና ኮምቦልቻ ያሉት አዛውንት መካኒኮች ሲያልፉ፣ ቦሌ ያሉት የተወለወሉ መኪናዎች ሁሉ፣ አንዲት ካንዴላ የሚቀይርላቸው ሰው አጥተው የቤት ዕቃ ይሆናሉ። ባለቤቶቻቸው ይህን ያሰቡበት አይመስለኝም።

ከከሚሴ ስነሳ ልጁ አሁንም አልተስማማም ነበር። ደላላውም ስልኩን ትቶ ሄዷል። ዕለቱ እሑድ ነበር፤ ሀጂ ግራሩ ሥር ኮፈኗን ከፍተው ዘይት ይለኩ ነበር፤ በማግስቱ ሰኞ የባቲ ገበያ ስለሆነ በኮምቦልቻ በኩል ሽንኩርት ይዘው ሊወጡ ነው። ልጁ እያጉረመረመም ቢሆን የሸራውን ገመድ ይዞ ቆሞ ነበር፤ "ያንን በኩል ሳብ፣ ላልቷል" አሉት፤ ሳበው።